የገላ ውሃ

ውሃው የተለቀቀው ማንም ሳይጠይቅ ነው።

ሠራተኛው ቁርሱን እየበላ ሳለ ማስታወቂያ የምትናገረዋ ለስላሳ ድምፅ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላም በሌሎቹ ቋንቋዎች፣ "ውድ ወዳጆቻችን፣ ከዛሬ ጀምሮ የገላ መታጠቢያ ክፍሎች ለሁሉም ክፍት ናቸው። ውሃው ሙቅ ነው። ገደብ የለውም" አለች። ከዚያ አንዱ ማንኪያውን ወርውሮ ተነሳ። ሌላው ተከተለው። ወዲያው ኮሪደሩ በሰው ተጨናነቀ፤ ጨረቃ ላይ ሰው ሲቸኩል እንደሚያደርገው ሁሉም እየዘለለ፣ ከጣሪያው ጋር እየተጋጨ፣ እየሳቀ።

ፍቅርተም ከመጨረሻዎቹ መሀል አልነበረችም። እዚህ ከመጣች ወዲህ ገላዋን በውሃ ታጥባ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ይታደላል፤ በእሱ ፊትን፣ ብብትን፣ እግርን ጠርጎ መልሶ ማስረከብ ነው። ጨርቁ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ይጣራል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። የማን ላብ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ውሃ እዚህ የሚታጠቡበት ነገር አልነበረም። ነዳጅ ነበር።

ሰፈሩ የተሠራው በጨረቃ ደቡባዊ ጫፍ፣ ፀሐይ ገብታበት በማታውቅ ግዙፍ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። ከጉድጓዱ ሥር፣ በጨለማው ውስጥ፣ በረዶ አለ። ማሽኖች ይቆፍሩታል፤ ማቅለጫ ቤት ይቀልጣል፤ ነዳጅ ቤት ገብቶ ለመርከቦች ነዳጅ ይሆናል። ጨረቃ ላይ ውሃ ተገኘ የሚለው ዜና የተሰማ ሰሞን የፍቅርተ ቅድመ አያቶች ድሬዳዋ ውስጥ ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ወረፋ ላይ ነበሩ ይባላል። "እዚያም ተገኘ? ለእኛ ሰፈር መቼ ነው የሚመጣው?" ብለው ሳቁ አሉ። አሁን የልጅ ልጅ ልጆቻቸው ውሃውን ለማቅለጥ ይሄዳሉ። ድሮ ሰው ዓረብ አገር እንደሚሄደው ነው፤ ጎረቤትም "እገሊት የት ናት?" ሲባል "ጨረቃ ናት" ብሎ ወሬውን ይቀጥላል።

የመታጠቢያው ውሃ እንደ ምድር ውሃ አልወረደም። እንደ ማር እየተጎተተ መጣ። ጠብታው የእንቁላል አስኳል ያክል ነበር። ገላዋ ላይ ሲያርፍም አልፈሰሰም፤ ተጣብቆ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቀለለባት። አፍንጫዋን እንዳይሸፍናት በእጇ እየገፈፈች ቆመች፤ ሙቀቱ አጥንቷ ድረስ ሲገባ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው አለቀሰች። ከጎኗ ባለው ክፍል የመኝታ ጓደኛዋ ሰናይት እንደ ሙሽራ እልል ትላለች።

በዚያው ሰሞን ስልኩ ተበላሸ። ከዚያ በፊት ፍቅርተ በየሳምንቱ ድሬዳዋ እየደወለች፣ እህቷ ዝናሽ ዘንድ ከተወቻት ከልጇ ከሶስና ጋር ታወራ ነበር። አሁን ቁጥሩን በነካች ቁጥር ያቺው ለስላሳ ድምፅ "መስመሩ ጥገና ላይ ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ትላታለች። ፍቅርተ ብዙም አልከፋትም። ውሏ አልቋል። መመለሻዋ መርከብ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ቆማለች፤ ከአዳራሹ መስኮት ትታያለች። ትንሽ ዘገየች ነው የተባለው።

ሰፈሩ ግን መልኩ ተለወጠ። ሰው መዓዛው ተለወጠ። ምሳ ላይ ሾርባ መጣ፤ ሻይ በትልቅ ኩባያ ሆነ። ከሥራ መልስ ሴቶቹ ፎጣ ጠምጥመው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ፀጉር ይሠራራሉ። መዋኛ ገንዳ ሊሠራ ነው ተባለ። ቆፋሪዎቹ ማሽኖች "ለዕረፍት" ቆሙ፤ ሥራ ቀለለ። ኩባንያው ሰው ሆነ እየተባለ ተመረቀ።

ከሁሉ በፊት የቀረው ሸክም ነው። ሸክም የሚሉት በጨረቃ አፈር የተሞላውን ከባድ ካፖርት ለብሶ፣ ወገብን በላስቲክ ከወለሉ ጋር አስሮ መሮጥን ነው። እዚህ ሰው ቀላል ነው፤ አጥንቱ የሚሸከመው ሲያጣ ከውስጥ እየተቦረቦረ ያልቃል። ስለዚህ አገሬ እገባለሁ የሚል ሁሉ በየቀኑ ሸክም ይሮጣል፤ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ጉልበቱ እየጮኸ። ፍቅርተና ሰናይት ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበር የሚሮጡት። ሰናይት የኮምቦልቻ ሰው ናት፤ እየሮጠች ታወራለች፣ እየሮጠች ትተርታለች።

አንድ ቀን ሰናይት ካፖርቱን አንስታ መልሳ ሰቀለችው።

"ምነው?" አለቻት ፍቅርተ።

"ዛሬ ገላዬን ታጥቤያለሁ። መልሼ ላብ በላብ ልሁን እንዴ? ነገ እሮጣለሁ።"

ነገም አልሮጠችም። ከዚያ በኋላ ፍቅርተ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም። ቀስ በቀስ በመሮጫው ክፍል የተሰቀሉት ካፖርቶች በዙ፤ ሯጮቹ አነሱ። ስለዚህ ጉዳይ ማንም ምንም አይልም። ሰው ከታጠበ በኋላ ሞቅ ብሎት መተኛት ይወዳል፤ ይኼው ነው።

ፎጣዋን ልትቀይር ልብስ ማጠቢያ የገባች ቀን ፍቅርተ አብዱሰላምን እዚያ አገኘችው። አብዱሰላም የአገሯ ልጅ ነው፤ ነዳጅ ቤት ውስጥ መካኒክ ነበር። አሁን የነጭ ፎጣ ክምር ፊት ቆሞ ያጥፋል።

"አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ፎጣ አጥፋለሁ። አታዪም እንዴ?"

"ነዳጅ ቤቱስ?"

"ተዘጋ።"

"አቦ ተው እንጂ!"

"ወላሂ ተዘጋ" አለ አብዱሰላም፣ ፎጣውን ሳያስቀምጥ። "ኤሌክትሪኩን በሙሉ ወደ ውሃ ማሞቂያው አዞሩት። ለነዳጅ የተጠራቀመው ውሃ ነው የሚለቀቅላችሁ። እንዴ፣ ከየት የመጣ መስሎሽ ነበር?"

ፍቅርተ ማቅለጫ ቤት ነው የምትሠራው። በረዶ መግባት ማቆሙን ታውቃለች፤ ታንከሩ መጉደሉንም አይታለች። ሁለቱን አገናኝታ አታውቅም ነበር። ደስታ ነገር አያስገናኝም።

"የታጠብንበትስ የት ይገባል?" አለች። "ይጣራል አይደል?"

አብዱሰላም ፎጣውን አስቀመጠና ከማሽኖቹ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ መስኮት ወሰዳት። መስኮቷ ወደ ጉድጓዱ ነው የምታየው። ከሰፈሩ ሥር የወጣ ወፍራም ቧንቧ በአፋፉ ላይ አንገቱን አስግጓል። ከአፉ የሚወጣው ውሃ በመብራቱ ውስጥ ለአፍታ እንደ ጭስ ይትጎለጎላል፤ ከዚያ ደርቆ፣ ፍርክስክስ ብሎ ወደ ጨለማው ይወርዳል። ታች የሳሙና መልክ ያለው ግራጫ ኮረብታ ተቆልሏል። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው።

"ለማጣራት ከሚወጣው ኃይል መድፋቱ ይቀላል አሉ" አለ አብዱሰላም።

ፍቅርተ ከመስኮቱ ዘወር ብላ ወዲያውኑ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ይባላሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ፀጉራቸው እርጥብ ነበር፤ የማበጠሪያው መስመር ይታያል።

"ወይዘሮ ፍቅርተ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ።"

"መርከቧ መቼ ነው የምትነሳው?"

"ትንሽ ዘግይታለች።"

"ነዳጅ ቤቱ ተዘግቶ በምን ልትነሳ ነው?"

አቶ ልዑልሰገድ አልተቆጡም። እንዲያውም የቀለላቸው መሰለ። "ባለቤቶቹ ተለውጠዋል" አሉ። "መርከቦች አሁን ነዳጅ የሚቀዱት ሌላ ቦታ ነው። የእኛን ውሃ የሚፈልገው የለም። የማይፈለግ ውሃ ደግሞ ሰው ቢታጠብበት ምን አለበት?"

"እኛስ?"

"እናንተ ምን ጎደላችሁ? አየር አለ፣ ምግብ አለ፣ ሙቅ ውሃ አለ። ውሉ 'ማጓጓዣ ሲገኝ' ነው የሚለው። ማንም አልከለከላችሁም እኮ። መርከብ የሚያስነሳ ነዳጅ ነው የሌለው።"

"እርስዎ ልጆች የሉዎትም?"

"አሉኝ።" እርጥብ ፀጉራቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ። "ሸክም መሮጥ ካቆምኩ ቆየሁ፣ ወይዘሮ ፍቅርተ። መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። ቶሎ ይለመዳል።"

ፍቅርተ ተነስታ ወጣች። በምሳ ሰዓት አዳራሹ ሲሞላ ወንበር ላይ ቆማ ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ ተናገረች። መታጠቢያው ይዘጋ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ነዳጅ ቤት ይመለስ፤ በታንከሩ የቀረው ውሃ ነዳጅ ይሁን፤ መርከቧ ሁላችንንም ትይዛለች፤ እንሂድ አለች። ስትጨርስ ጭብጨባ ወይም ጩኸት ጠብቃ ነበር። የተሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ የቁፋሮ ማሽን ሠራተኛ ከተቀመጠበት ሆኖ "አጥንት ያለው ይሂድ" አለ። "አጥንት የሌለውስ?"

"ሁላችሁም ትሮጡ አልነበር?" አለች ፍቅርተ።

የሰናይትን ዓይን ፈለገች፤ ሰናይት ሻይዋን ታያለች። እጅ ይውጣ ተባለ። ከፍቅርተ ጋር የወጣው እጅ አብዱሰላምን ጨምሮ ከአንድ ጠረጴዛ ሰው አይበልጥም ነበር። የቀሩት እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ኩባንያው ማንንም ማሰር አላስፈለገውም። ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነበረበት። እያንዳንዱ ቀን አንድ ሰው ከመርከቧ ወገን ወደ ውሃው ወገን ያሻግርለታል።

ፍቅርተ ከዚያ በኋላ ለሠራችው ሥራ ማንንም አላማከረችም። ለአብዱሰላም ብቻ "ነዳጅ ቤቱን ማስነሳት ትችላለህ?" አለችው። "ኤሌክትሪኩን ከመለስኩት ማንም ይችላል" አላት። እጃቸውን ያወጡት ሰዎች ከእሱ ጋር ነዳጅ ቤት ገቡ። እሷ ማቅለጫ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ወደ መታጠቢያዎቹ የሚሄደውን ዋናውን ቫልቭ ዘጋች፤ ወደ ነዳጅ ቤት የሚሄደውን ከፈተች። የመጠጥ ውሃውን አልነካችም።

ብዙም ሳይቆይ ለስላሳዋ ድምፅ በየክፍሉ ተሰማች። "ውድ ወዳጆቻችን፣ ውሃው ለጊዜው ተቋርጧል። ያቋረጡት የማቅለጫ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ፍቅርተ ናቸው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።"

ከዚያ ሰዎቹ መጡ። በሩ ለእንፋሎት የተሠራ ወፍራም በር ነው፤ ሆኖም ድብደባው ደረቷ ላይ ይሰማታል። የሚሳደበውን ድምፅ ሁሉ ታውቀዋለች፤ አብራው በልታለች። መሣሪያ የያዘ ጠባቂ አልመጣም። አላስፈለገም። በኋላ ድብደባው ጋብ አለና አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ፍቅርተ፣ እኔ ነኝ። ሳሙናው ጭንቅላቴ ላይ ደረቀ። ክፈቺ።"

"አልችልም፣ ሰናይት።"

"ልትሄጂ ነው አይደል?"

"አብረን እንሂድ። ነይ፣ ከእኔ ጋር ነይ።"

"በየትኛው አጥንቴ?" ሰናይት ከበሩ ጀርባ ሳቀች፤ ሳቋ ደረቅ ነው። "ሐኪሙ ሲለካኝ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? 'ምድር ብትወርጂ ወንበር ላይ እንኳ አትቀመጪም' ነው ያለኝ።"

"ታዲያ ለምን መሮጥሽን ተውሽ? ጎን ለጎን እየሮጥን፣ ለምን?"

"ውሃው ሙቅ ነበራ።"

ፍቅርተ ግንባሯን ከበሩ ጋር አጋጠመች። ብረቱ ይቀዘቅዛል።

"ያለችው መርከብ እሷ ብቻ ናት" አለች ሰናይት፣ አሁን ዝግ ብላ። "ይዘሻት ከሄድሽ ማን ይመጣልናል? ልጅሽን ልታዪ ብለሽ እኛን እዚህ ትቀብሪናለሽ?"

"ደርሼ እናገራለሁ። ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ የእያንዳንዳችሁን እናት፣ የእያንዳንዳችሁን እህት እቀሰቅሳለሁ። መርከብ ሳላስልክ እንቅልፍ አልተኛም። ማርያምን፣ ሰናይት!"

"ኮምቦልቻ እህት አለችኝ" አለች ሰናይት በመጨረሻ። "አልተጎዳችም በያት። ዝርዝሩን ተይው።" እርምጃዋ ሲርቅ ተሰማ።

ፍቅርተ አልከፈተችም። ብትከፍት ልጇ ዘንድ የምትመለስ አልመሰላትም። ታንከሩ እስኪጎድል፣ አብዱሰላም በግድግዳው የውስጥ ስልክ "ሞላች!" እስኪል ድረስ እዚያው ተቀመጠች። ስትወጣ የሚመታት ሰው ጠብቃ ነበር፤ ኮሪደሩ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቷል። መርከቧ መግቢያ ላይ አቶ ልዑልሰገድ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ፀጉራቸው ደርቋል። እሷንና ከነዳጅ ቤት የመጡትን አላስቆሟቸውም። በሩን እንኳ እሳቸው ናቸው የከፈቱላቸው።

"መልካም መንገድ" አሉ። "ማንም አልከለከላችሁም ብያለሁ።"

ይህ ቃል መንገዱን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም። ምድር ደርሰን እንደምንናገር እያወቁ እሳቸው ለምን አልፈሩንም?

መርከቧ ራሷን ነድታ ውቅያኖስ ላይ አረፈች። አንድ የባሕር የጭነት መርከብ አወጣቸውና ጅቡቲ ወደብ አወረዳቸው። ከየት እንደመጡ የጠየቃቸው ሰው መልሱን ሰምቶ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቀም። የመርከበኞች ክሊኒክ ውስጥ ተኙ። ምድር ከበደች። እጅን ማንሳት የሰው ሬሳ እንደማንሳት ሆነ፤ ምላስ እንኳ አፍ ውስጥ ይከብዳል። ፍቅርተ ግን አጥንቷ ይዟል፤ መጀመሪያ ተቀመጠች፣ ከዚያ ግድግዳ ይዛ ቆመች።

ስልክ እንዳገኘች ዝናሽ ዘንድ ደወለች። መስመሩ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ ተይዟል። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ፣ በደወለች ቁጥር ተይዟል። የሰናይትን እህት ግን አገኘቻት። መልእክቱን ልታደርስ የሰናይትን ስም እንዳነሳች ሴትዮዋ በደስታ አቋረጠቻት።

"ሰናይት? አሁን እኮ ነው የዘጋሁት ከእሷ ጋር! ደህና ናት። መርከቡ ትንሽ ዘገየ እንጂ ተመችቷታል። ገላዋን ታጥባ መውጣቷ ነበር፤ ውሃው ሙቅ ነው አለችኝ።"

"ሙቅ ነው አለችሽ? ዛሬ?"

"አዎ፣ ዛሬ።"

ፍቅርተ ስልኩን ይዛ ቀረች። ታንከሩን ባዶ ያደረገችው ራሷ ናት። ስልኩ ተጠግኗል ማለት ነው ብላ አሰበች። ሰናይት እህቷን ላለማስጨነቅ ብላ ዋሽታ ይሆናል፤ ዝርዝሩን ተይው ብላኝ የለ። በዚህ ሐሳብ ራሷን አጽናንታ፣ አብዱሰላም ደግፏት፣ ባቡር ተሳፈረች።

ድሬዳዋ ሲገቡ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ወደ ከዚራ ሰፈር የሚወስደው ባጃጅ ዛፎቹ ሥር ሲሄድ ፍቅርተ የሙቀቱን ሽታ እየሳበች አለቀሰች። አብዱሰላም እበሩ ድረስ ደግፎ አደረሳትና ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ። ግቢው ውስጥ ዝናሽ ልብስ ታሰጣለች። ሶስና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትበላለች፤ አድጋለች፤ የፊት ጥርሶቿ ተለውጠዋል።

ዝናሽ ዘወር ስትል እጇ ላይ የነበረው አንሶላ ወደቀ። "ፍቅርተ?" አለች። ሮጣ አላቀፈቻትም። እዚያው ቆማ አየቻት። "ፍቅርተ... እንዴት መጣሽ? ትናንት ማታ መርከቧ ትንሽ ዘገየች አላልሽኝም?"

"ዝናሽዬ፣ እኔ እኮ ከደወልኩ ቆየሁ። ስልኩ ተበላሽቶ—"

"ምን ትያለሽ አንቺ? በየቀኑ እየደወልሽ? ውሃ ተለቀቀልን ብለሽ ደስ ካለሽ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጥሽም። ይኸው ልጅቷን የቤት ሥራዋን የምታሠሪያት አንቺ አይደለሽ?"

ፍቅርተ ወደ ልጇ ዞረች። እጆቿን ዘረጋች፤ ከበዷት፤ ግን ዘረጋቻቸው። ሶስና ተነስታ ከአክስቷ ኋላ ቆመች፤ ማንጎው በክንዷ ላይ ይወርዳል። የመጣችውን ሴት ከስታ፣ ጠቁራ፣ በሩን ተደግፋ አየቻት።

"እማ አይደለሽም" አለች ልጅቷ። "እማ አሁን ትደውላለች።"

ደረጃው ላይ የነበረው ስልክ ጮኸ። ሶስና ፈጥና አነሳችው፤ ፊቷ በራ። ከስልኩ የወጣውን ድምፅ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙት። "ሶሲዬ፣ የኔ ማር፣ ምሳ በላሽ?" የፍቅርተ ድምፅ ነው። ሳቋም የፍቅርተ ሳቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሰበረው ሳይቀር።

ፍቅርተ ግድግዳውን ይዛ ሄዳ ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደች።

"ሃሎ" አለች።

ከወዲያ ለአፍታ ዝምታ ሆነ። ከጨረቃ የሚመጣ ድምፅ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል፤ ኩባንያው መዘግየቱንም አልረሳውም።

"ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ" አለ የራሷ ድምፅ፣ በትሕትና። "ማን ልበል?"